የአባትህ ሰዓት

ይድረስ ለልጄ፤ እንዴት ከረምክልኝ? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

አባትህ ካረፈ አራት ወር ሞላው። ሒሳብ ሲያስተምርም ሆነ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሯጮቹን ሲያሠለጥን፣ ሩጫ የሚለካባት ሰዓት ካንገቱ አትወርድም ነበር። አንተን ሳምጥ እንኳ ለክቶብኛል፣ የማያፍር! አሁን እኔ አንጠልጥያት በየቀኑ ወደ ሜዳው ብቅ እላለሁ። ተማሪዎቹ ሲያዩኝ ሩጫቸውን አቁመው ይስሙኛል።

ከሱ ጋር ስንሄድ ከቤት እስከ ሜዳው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ባለፈው ወር ብቻዬን አሥራ ስምንት ፈጀብኝ፤ ትናንት መንገድ ላይ ሁለቴ ተቀምጬ ሠላሳ አንድ። ሰዓቷ ተበላሽታለች ብዬ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰድኳት። ከፍቶ አያትና፣ "እማማ፣ ሰዓቷስ ምንም አልሆነችም" አለኝ።

ልጆችህን ዓይን ዓይናቸውን ሳምልኝ። መምጫህን ትንሽ ብታቀርባት፣ የሜዳው ሣር ሳይደርቅ ትደርስ ነበር።

እናትህ