ስለ «ነጎድጓድ» ካሴትና ስለ ጎደለችው ዋሽንት

ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሣህሌ፣
የአብዮት በዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣

ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ስለ ጆሮዎ አስባለሁ፤ የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ የተሰቀለው ከመስኮትዎ በላይ ነውና። እኔ፣ ጡረታ የወጣሁት የአማርኛ መምህርና የከተማችን የዋሽንት ነፊዎች ቡድን መሪ፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬን በይፋ ለማቅረብ ነው። «ነጎድጓድ» የተባለው የወጣቶች ባንድ አዲስ አበባ ሄዶ በስቱዲዮ ያስቀረፀው ካሴት ስለተወደደ፣ ኮሚቴዎ በየዓመቱ እኛ የምንከፍተውን የመስከረም ሁለት ምሽት ለእርሱ ሰጥቷል።

፩ኛ፦ ዘፈኖቹ አጭርና ጥድፊያ የበዛባቸው ስለሆኑ አድማጭ አንዱን ጠልቶ ሳይጨርስ ሌላው ይጀመራል። ይህ ለጊዜ ቁጠባ የተደረገ አስተዋጽኦ ነው።

፪ኛ፦ ድምፃዊው በአንድ ስንኝ «አንቺ» ያላትን ልጅ በሚቀጥለው «አንተ» ይላታል። ልጅቱ ስላልተቀየመች እኔም ትቼዋለሁ።

፫ኛ፦ በቀይ አፈር ገበያ ከየሱቁ የሚሰማው ይኸው ካሴት ነው፤ ወደ ካንጋተን የሚወርዱ ሾፌሮችም ያለ እርሱ መኪና አያስነሡም ይባላል። ባለቤቴ ወይዘሮ አበዛሽ እንኳ የጎረቤታችን ቴፕ ሲከፈት ሽንኩርቷን ትታ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እኛ ስንነፋ በኖርንባቸው ዓመታት ከመቀመጫዋ ስትነሣ ያየኋት ወንበር ለመሰብሰብ ብቻ ነበር።

፬ኛ፦ እንደሚያውቁት፣ ከአሪ ብሔረሰብ አባቶች በተማርነው ደንብ እያንዳንዱ ነፊ የሚይዘው አንዲት ዋሽንት ነው፤ እርሷም ያላት አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ወፍራሟን ድምፅ ይነፋልን የነበረው ውባየሁ ዛሬ የነጎድጓድ ጊታር መቺ ሆኗል። ዋሽንቷን ለሌሎች ሰጥቼ ሞክሬ ነበር፤ ተራዋን እንደ እርሱ የሚያውቅላት አልተገኘም። ስለዚህ ዜማችን እዚያ ቦታ ሲደርስ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ያልፋል።

በካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ደግሞ ይኸው ልጅ ያንኑ ዜማችንን፣ የሁላችንንም ድምፅ ብቻውን፣ በአንድ ጊታር፣ ይመታዋል። አንድም ቦታ አልሳተም። ይህን ለማረጋገጥ ስል ካሴቱን ለመግዛትና ደጋግሜ ለማዳመጥ ተገድጃለሁ፤ ባለቤቴ ስለ ምርመራው ርዝመት የምትለውን ባያምኗት ደስ ይለኛል። የአንድ ቡድን ሙሉ ትንፋሽ በአንድ ሰው ጣት ስለተተካ ኮሚቴውን ሳንባዎቻችን ያመሰግናሉ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መክፈቻው ለእኛ ይመለስልን፤ ይህ ለኮሚቴው ክብር የማይመች ከሆነም ውባየሁ ለዚያች ለአንዲት ዜማ ከእኛ ጋር እንዲነፋ ይፈቀድልን።

የመድረክ መብራት በራስዎ ላይ እንዳይደበዝዝ፣ ማጉያውም ከመስኮትዎ እንዳይለይ ከልብ የምመኝልዎ፣

ፈለቀ ወልደ ሰንበት
ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ በበዓሉ ምሽት የከተማው ጄኔሬተር እንደ ልማዱ ናፍጣ ቢያልቅበትና ጊታሩ ድንገት ዝም ቢል አይደንግጡ፤ ነፊዎቼ ዋሽንቶቻቸውን በኮታቸው ሥር ይዘው ከኋላ ይቀመጣሉ። የውባየሁን ዋሽንት የምይዘው እኔ ነኝ፤ በጨለማው ውስጥ እጁን ከዘረጋ አያጣትም። ካልዘረጋ ግን፣ ዜማችን እዚያች ቦታ ሲደርስ የሚሰሙት ዝምታ ከኮሚቴዎ የተበረከተ መሆኑን ለታዳሚው እንዲያስተዋውቁልን በትሕትና እጠይቃለሁ።