የውቢት ሰላምታ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አለነ፤ አሥመራ

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ደባርቆች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእኔ ንዴት በቀር ሁሉ ደህና ነው።

ከመደበኛው ትምህርት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ታዲያ ምን ያደርጋል! ጥር ሲቃረብ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይቀሩብኛል። የአንዷን አባት ብጠይቃቸው፣ «የባሏን ስም መጻፍ ከቻለች ምን ጎደላት?» አሉኝ። በንዴት የያዝኩትን ጠመኔ እጄ ላይ ሰባበርኩት።

ታናሻችን ውቢት ግን አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ከሁሉ ፊት ነው የምትቀመጠው።

አባታችን ሰሞኑን ጌሾ በአህያ አስጭነው መጡ። «የምን ድግስ ነው?» ብላቸው፣ «አንቺ የሰው ልጆች አስጠኚ! የውቢትን ነገር ለእኔ ተዪልኝ!» ብለው ጮኹብኝ።

እናታችን ትስምዎታለች። የውቢትን ሰላምታ ግን እዚህ አልጻፍኩም፤ የቅዳሜ ሳምንት በአውቶቡስ ራሷ ይዛልዎት ትመጣለች።

እህትዎ ድንቅነሽ