ከዜማው በኋላ የመጣሁ ልጅ

ጥቅምት 23፣ ጠዋት
አባባን ቁርስ አበላሁ። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ጋቢ ደረብኩላቸው። እናቴ የት እንደሄደች ጠየቁኝ። ገበያ አልኩ። ከሞተች ቆይታለች። ትናንት እውነቱን ብነግራቸው እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱ። ስለዚህ ገበያ። ማስታወሻዬ፣ የማልዋሸው አንተን ብቻ ነው።

ጥቅምት 26
11ኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። የዛሬው ርዕስ አንጎል። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ከጆሮ በስተውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው አልኳቸው። እዚያ ይሰነብታል፤ ስንተኛ፣ ስንደጋግመው፣ ቀስ በቀስ ወደ ውጭው የአንጎል ክፍል ይሰደዳል። ያቺ ትንሽ ክፍል ከታመመች አዲሱ ማረፊያ ያጣል፤ የቆየው ይከርማል። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። ታዲያ ቀድሞ የሚረሳው የቱ ነው? ኋላ የመጣው አልኩ። አልኩና ደነገጥኩ። አባባ ዜማ የተማሩት እኔን ሳይወልዱ ነው።

ኅዳር 3
መሪጌታ ፈንታ ት/ቤት ድረስ መጣ። የአባባ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ አሁን ማኅሌት ላይ አጠገባቸው ይቆማል። እሱ እንዳለኝ ለሚካኤል ዋዜማ ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዱ ቃል መጀመሪያ መቋሚያ እያወዛወዙ በዝማሜ ይባላል፣ ቀጥሎ በከበሮና በጸናጽል፣ መጨረሻ በጭብጨባ፣ በጽፋት። ከጽፋት በኋላ ያ ቃል አለቀ። አባባ ግን መልሰው ዝማሜውን አነሡ። የኔታን አቁሙ የሚል ማን አለ? ሁሉም ተከተለ። አሁንም አነሡ። አሁንም ተከተሉ። ጭራሽ ተቆጧቸው፦ "ምነው እናንተ፣ ሲያበራይ የዋለ በሬ መሰላችሁ!" ልጆቹ ሳቁ። ፈንታ አልሳቀም። በዋዜማው ሕዝብ ፊት እንዳይቆሙ ንገራቸው አለኝ።
እኔ?

ኅዳር 5
የአንድ ተማሪ ስም ጠፋኝ። ከመስከረም ጀምሮ የምጠራው ስም። አንተ ብዬ አለፍኩ። ድካም ነው። ድካም ይሆናል። በደም ይወረሳል እንዴ? ማንንም አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት።

ኅዳር 8፣ ረፋድ
ፈንታ ያለውን ነገርኳቸው። ጥሩ ጠዋት ነበር፣ ስሜን ጠርተውኛል። ጠየቁኝ፦ ዜማው ተሳሳተ ወይ? የለም አባባ፣ አንድም አልተሳሳተም፤ ማለቁን ነው የሚረሱት። መቋሚያቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።
"ቤት ከምትዘጋብኝ፣ ጽፋቱ ሲያልቅ ይቺን ተቀበለኝ። አፍህን አትክፈት። ልጅ የአባቱን መቋሚያ ቢቀበል ነውር የለውም።"
እሺ አልኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ስለ ዋዜማው፣ ስለ መቋሚያው አነሣሁ። የምን መቋሚያ አሉኝ። ቃል የገባሁት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። በዕለቱ የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን፣ መቋሚያቸውን የሚነጥቅ ሰው ከሆነስ? አልለቅም ቢሉስ? በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማነህ ቢሉኝስ?

ኅዳር 11፣ ስምንት ሰዓት
ዋዜማ። ፈንታን ከአባባ አጠገብ ቦታ ልቀቅልኝ አልኩት። እሺ አለ። አባባን አለበስኳቸው፣ ጥምጥማቸውን አሰርኩ። እጅህ ደህና ነው፣ የማን ልጅ ነህ? አሉኝ። የእርስዎ። ሳቁ። "እንግዲያ ካጠገቤ እንዳትርቅ።"
ከዜማው በፊት ከአእምሯቸው እጠፋለሁ፤ ታውቋል። ቢሆንም ጽፋቱ ሲያልቅ እጄን እዘረጋለሁ። ማነህ ቢሉኝም እዘረጋለሁ።
ደወል። አባባ በሩ ላይ ቆመው እየተጣሩ ነው። አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! ስሜን ግን አልጠሩም።