በራቤል የተቃጠለው ጄነሬተር

ራቤል፣ ኅዳር 14 ቀን 1979

ፈንታዬ፣

«የጄነሬተሩን መጠን ለመምረጥ ኮምፒዩተር ላይ የሠራነው የኃይል ሞዴል እዚያ ሠራ ወይ?» ሳትል አትቀርም። አልሠራም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ጄነሬተሩን የሚያስነሡት አቶ ወዳጆ «በበዓል ማግስት ወፍጮውም የሱፍ መፍተያውም በአንዴ ነው የሚነሡት» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የሳምንቱን ሥራ ለሰባቱም ቀን እኩል አካፍዬ ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁ። ትናንት፣ በሚካኤል ማግስት፣ ሁለቱ ሞተሮች አብረው ሲነሡ ጄነሬተሩ ተቃጠለ። አቶ ወዳጆ ጭሱን እያዩ «ልጄ፣ ኮምፒዩተርሽ ሚካኤልን አያከብርም እንዴ?» አሉኝ። አዲስ አበባ ቢሆን መብራት ጠፋ ተብሎ ይታለፋል፤ እዚህ ግን ገብስ ተሸክመው ከሩቅ የመጡት ሴቶች ሳያስፈጩ ተመለሱ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እኅትህን አስካለ ማርያምን ሳምልኝ። የወፍጮውና የመፍተያው ባለቤት የሆነው ማኅበር ሌላ ጄነሬተር ሊጠይቅ ነው፤ እባክህ ሞዴሉ ላይ ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ጊዜ አስነሥተህ ስሌቱን ድገመውና ስንት ኪሎዋት እንደሚበቃን ቶሎ ጻፍልኝ።

ጥሩሸዋ