ስለ ጥይቱ አመድና ስለ ሶርሳ ጎደሬ

ለተከበሩ የጥይት ቅሪት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ኮሚቴዎ የማይረበሽ ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወልደመስቀል እባላለሁ፤ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሮጌው የጥይት መጋዘን ጀርባ የምኖር፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያነበብኩ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ጉዳይ ቀላል ነው። ባለፈው የካቲት ጥይቱ በተቃጠለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ባቆሙልን «አደገኛ ነው፣ አትቅረቡ» በሚለው ሰሌዳ ላይ የተሳለው የራስ ቅል ሠላሳ ስድስት ጥርስ አለው። ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ትርፎቹ አራት ጥርሶች ሟቹን የሚስቅ ስላስመሰሉት፣ እንዲታረሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ከተጀመረ አይቀር ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችን ልጨምር።

1. ኮሚቴዎ ያረጁትን ጥይቶች ጉድጓድ ውስጥ ከምሮ በናፍጣ ስላቃጠለልን እናመሰግናለን። ጭሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈራችንን ሲጎበኝ፣ ከእርስዎ ወገን ያየነው መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ የተቀመጠውን ሾፌር ብቻ ነው።

2. አመዱን ሳያነሣ፣ አጥርም ሳያጥር፣ አንድ ሰሌዳ በአማርኛ ጽፎ ስለሄደ ኮሚቴዎ በአንባቢነታችን ላይ ያለውን እምነት እናደንቃለን። ወላይትኛ ብቻ ለሚያነቡት ጎረቤቶቻችን ማስረዳቱ ለራስ ቅሉ ተትቷል።

3. ተቆጣጣሪዎ በግንቦት መጥቶ «ሰሌዳው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ስለመዘገበ ይመስገን። እውነቱን ነው የጻፈው። ሰሌዳው ያን ጊዜ በጥሩ ሁኔታ የቆመው እኔ ጓሮ፣ አቮካዶ ዛፌ ሥር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም።

ሰሌዳውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መጋቢት ውስጥ፣ አቮካዶዬን የሚለቅሙብኝን ላስፈራራ፣ ሰውንም ላስቅ ብዬ ነው። ሰውም ሳቀ፤ ተቆጣጣሪዎም ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

ሰሌዳውን በነቀልኩ ሰሞን ጎረቤቴ ሶርሳ አህያውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። በእኛ አገር ለጓሮው አመድ የማይመኝ ገበሬ የለምና፣ ያን ሁሉ አመድ ከልካይ አጥቶ ሲያየው በጆንያ በጆንያ አጋዘው። በደጄ ሲያልፍ «የዘንድሮው ጎደሬህ የወታደር ማዕረግ ሳይሰጠው አይቀርም» ብዬ ቀለድኩበት። ጎደሬው አማረለት፤ ከመስቀል ወዲህ ቤተሰቡ እየበላው ነው። መስከረም የምትባለው ትንሿ ልጁ ሆዷን እየቆረጣት መቸገሯንም በአጥር በኩል ሆኖ ነግሮኝ ነበር። ትል ይሆናል አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ማኅሌት ልትጠይቀኝ መጥታ ሰሌዳውን ዛፉ ሥር አየችውና ሳትስቅ ቀረች። የጥይት አመድ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት እንደሚኖረው፣ እርሳሱም ከአፈሩ ወደ ሥራሥሩ፣ ከምግቡም ወደ ልጆች ደም እንደሚገባ፣ ሆድ ከመቁረጥ አልፎ አእምሮ እንደሚጎዳ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ስለ ሶርሳ አህያ ግን አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ሰሌዳውን በዚያው ቀን ቦታው መለስኩት። ለሶርሳ ግን ይኸው ስድስት ቀን አልነገርኩትም። በየቀኑ አጥሩ ድረስ እሄድና ስለ ላሙ ጠይቄው እመለሳለሁ። በሰፈሩ ሁሉ ሲቀልድ የኖረ አፌ አንድ ቁም ነገር መናገር አቃተው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አመዱን እንዲያስነሡ፣ የሶርሳን ልጆች ደም እንዲያስመረምሩ፣ ከዚያ ጓሮ እንዳይበሉም በማኅተም ጽፈው እንዲያሳውቁልኝ እለምናለሁ። የእኔን ስም ሳይጠቅሱ ቢያደርጉት ደግሞ

በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁት፤ ሶርሳ ነው። በአንድ እጁ መስከረምን፣ በሌላው ጎደሬ የሞላ ዘንቢል ይዟል። ሊያቀምሰኝ ነው። ልመናዬን እዚህ ላይ አቁሜ ልከፍትለት እነሣለሁ።

ለእርስዎ ከማይጎድል አክብሮት፣ ለራሴ ግን ከጎደለብኝ ጋር፣
የመንግሥትን ሰሌዳ ለአቮካዶው ዘበኛ ያደረገው ትሑት ታዛዥዎ
ወልደመስቀል

በተጨማሪ፦ ሁሉንም በወላይትኛ ነገርኩት። አልሰደበኝም። ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ ልጅቷን ወደ ራሱ አስጠጋና «ጋሼ፣ ታዲያ ዛሬ ልጆቹን ምን ላብላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዛሬ በቆሎ ሰጥቼዋለሁ። ነገ ልጆቹን ለምርመራ ይዘን ስንወጣ ጎደሬውን ቀቅለን በቢሮዎ በኩል እናልፋለን። እባክዎ ምሳ ሳይበሉ ይጠብቁን፤ ከዚያ ጎደሬ ከእርስዎ ጋር በአንድ ሳህን የምበላው እኔ ነኝ።