ስለ ቀሩት ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃዎች

ለተከበሩ የድምፅ መልእክት መተግበሪያው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሚመሯቸው ሠራተኞች በሙሉ የተሟላ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ሲነኩት የሚታዘዝ ስልክ እመኛለሁ። እኔም አንድ ሳላዳምጠው የቀረ ነገር ከመኖሩ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ ቀደም የላክኋቸው አሥራ አራት ማመልከቻዎች በአብዛኛው «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ስላገኙ፣ ከደረሱ በኋላ የት እንደሚቀመጡ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢጠቁመኝ ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሱቄ ከሁለት ወንበር በላይ አያስገባም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። «ነበረች» የምትለውን ቃል መጻፍ ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ፤ እጄ እስካሁን አልለመዳትም።

ባለቤቴ የእርስዎን መተግበሪያ እንደ ሌላው ደንበኛ አዝራሩን ተጭና ይዛ መጠቀም አልቻለችም፤ እጇ ጨርቅ ላይ ነዋ። ስለዚህ መቅጃውን ትቆልፍና ስልኩን ክር ማስቀመጫው አጠገብ አስቀምጣ፣ እየሰፋች ታወራኛለች። ወሬው ያልቃል፣ ስፌቱ ይቀጥላል፣ መቅጃውን ማጥፋት ትረሳለች። በዚህ ምክንያት የሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት የሚረዝሙ ሲሆኑ፣ ንግግሩ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። የቀረው የስፌት መኪና ድምፅ፣ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅና እሷ ከገዛ ክሯ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው። እኔም እየሠራሁ ከፍቼው እውል ስለነበር ጎረቤቴ መነጽር ሻጩ በደጄ ባለፈ ቁጥር «ዛሬም እትዬ እዚህ እየሰፉ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የመጨረሻው መልእክት የተላከው ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ከመግባቷ አንድ ቀን በፊት ነው። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። እኔ ያዳመጥኩት አሥራ አንዱን ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ የደም ግፊት ኪኒኔ የት እንዳለ፣ ጎረቤት የወሰደው መሰላል እንዲመለስ፣ የውሃ መዝጊያው ሲጠብቅ ጉልበት እንዳልጠቀም ነገረችኝ። ከዚያ «ዋናውን ነገር ግን አልነገርኩህም፤ ቆይ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስና» አለች፤ መኪናው ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ደንበኛ ገባና አጠፋሁት።

ሥራ ጨርሼ ቤት ስገባ ራሷ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ እሷው እያለች ድምፅዋን ምን ያስከፍተኛል? ዋናው ነገር ምን እንደነበረም አልጠየቅኋትም። ባለቤቴ ዋና ነገር የምትለው አንዳንዴ የጋዝ ሲሊንደሩ በደንብ መዘጋቱን ማረጋገጥ ስለነበር ቸል አልኩት። በሦስተኛው ቀን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት አልወጣችም።

ከተቀበረች ከአሥር ቀን በኋላ መልእክቱን ስነካው መተግበሪያዎ ነጭ ሆነና ተዘጋ። ደግሜ ነካሁት፣ ተዘጋ። ሌሎቹ መልእክቶች ሁሉ ይከፈታሉ፤ ያቺ ብቻ ናት የምትዘጋው። ከዚህ ቀጥሎ ድርጅትዎ ያደረገልኝን ውለታ በተራ ቁጥር ለመዘርዘር እሞክራለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ማመልከቻዬ «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» ተብያለሁ። እኔም ለደንበኞቼ ዕድሜ ልኬን የሰጠሁት ምክር ስለሆነ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

፪ኛ. ቀጥሎ መተግበሪያውን ከነአካቴው አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው ታዘዝኩ። ታዛዥ ሰው ስለሆንኩ ጣቴን አንስቼ ነበር፤ ልጄ ናት እጄን ይዛ «አባዬ፣ ይሄን ካደረግክ እኮ እማዬ የላከችው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል» ብላ ያስጣለችኝ። ማስጠንቀቂያው በምክራችሁ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ኖሯል። ለዓይኔ ጤና አስባችሁ ይሆናል።

፫ኛ. ከዚያም የብልሽቱን ሪፖርት እንድልክ ተጠየቅሁ። ሪፖርቱን የሚጽፈው ማነው ብል፣ ራሱ መተግበሪያው ነው ተባልኩ። እሱ ደግሞ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ነው የሚጠፋው። የወደቀው ሰው ራሱ ተነሥቶ እንዴት እንደወደቀ በጽሑፍ ያስረዳ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን አቋርጬ ያለ ምንም ሽሙጥ የማመሰግናት ሰው አለች። በስልክ ካነጋገሩኝ ስድስት ሠራተኞችዎ አንዷ ናት፤ እንጀራዋን እንዳልዘጋባት ስል ከዚህ በላይ አልገልጻትም። «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት» ብላ ጀመረች። በዓለም ላይ ያለው የስልክ ዓይነት በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ባለሙያዎቻችሁ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ግን ሃያ አይሞሉም፣ እነሱም አዳዲስ ናቸው። የእኔ ስልክ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሆዱም በፎቶ ተሞልቷል። መተግበሪያው ያንን ሁሉ ድምፅ ቆርሶ ቆርሶ በመውሰድ ፈንታ ባንድ ጊዜ ሊሸከም ሲነሣ ስልኩ ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው መተግበሪያውን ይዘጋዋል፤ ለምን እንደዘጋው ግን ለማንም አይናገርም። ባለሙያ ያላየውን ብልሽት ሊጠግን አይችልም፤ ይህን ብልሽት ለማየት ደግሞ የእኔ ስልክ፣ የእኔ መልእክት፣ ያቺው ሰዓት አንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው። ከመቶ ሺህ ሰው በአንዱ ላይ የሚደርስ ስለሆነም ተራው ወደፊት አይመጣም አለችኝ። ስልኩን ይዤ በአካል እንድመጣ የመከረችኝም እሷ ናት።

ነገሩ ገብቶኛል። ቤት ሲሆን እያቃሰተ ሱቄ ሲገባ እንደ ወፍ የሚዘምር ራዲዮ ስንቱን አይቻለሁ። ከባዱ ብልሽት የተሰበረው አይደለም፤ ሰው ሲያየው የሚደበቀው ነው።

፬ኛ. ስለዚህ መጣሁ። ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ «እንግዳ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎልኝ ተቀመጥኩ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ስልኩን አጥፍቶ አበራው፣ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋጋው፣ ቻርጀር ሰካበትና መልእክቷን ነካት። ተከፈተች። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ በላህ ወይስ እንደ ልማድህ ረስተኸዋል?» የሚለው የባለቤቴ ድምፅ አምስት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ክፍሉን ሞላው። ባለሙያው ሃያ ሰከንድ ያህል አዳመጠና አጠፋው። «ይኸው፣ ይሠራል እኮ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ «ብልሽቱ አልታየም» ብሎ ጽፎ ጉዳዬን ዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን ከመውቀሴ በፊት ራሴን መውቀስ ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ኮሪደራችሁ ላይ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እንዳዳምጥ ፍቀዱልኝ ማለት ነበረብኝ። ወይም ይህን ድምፅ ሌላ ቦታ ገልብጡልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። የሰው ሥራ የማስፈታ መሰለኝ፤ እንግዳ ተቀባይዋም ካርዱን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስነካት ተዘጋች። እኔም ስንቱን ደንበኛ «ይኸው ይሠራል፣ ይውሰዱት» ብዬ ከነብልሽቱ ወደ ቤቱ እንደሸኘሁ የታወሰኝ እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

፭ኛ. ባለፈው ወር ግን ድርጅትዎ ታላቅ ሥራ ሠራ። «የመረጋጋት ማሻሻያ» የተባለው ስልኬ ላይ ራሱን በራሱ ጫነ፤ «ችግርዎ ተፈትቷል» የሚል መልእክትም ደረሰኝ። እውነቱን ለመናገር ዘለልኩ። በእኩለ ቀን ሱቄን ዘግቼ ቤት ገባሁ፣ ስልኩን ክር ማስቀመጫዋ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነካሁት። እንደ ተባለውም አልተዘጋም። መልእክቷ በነበረችበት ቦታ ግን አንዲት ግራጫ መስመር አገኘሁ፦ «ከአንድ ሰዓት በላይ የሆኑ መልእክቶች ከእንግዲህ አይቀመጡም።»

መተግበሪያውን የሚጥለው ረጅም መልእክት መሆኑን ስትደርሱበት ረጅም መልእክቶችን አስወገዳችሁ። እኔ ራዲዮው ይንጫጫል ብሎ የመጣን ደንበኛ ድምፅ ማውጫውን ነቅዬ «ጩኸቱ ቆሟል» ብዬ ብሸኘው ሠፈሩ በድንጋይ ያባርረኝ ነበር። እናንተ ግን ማሻሻያ ብላችሁታል፤ ድፍረታችሁን አደንቃለሁ።

ቅጂው እናንተ ዘንድ ይኖር እንደሆነ ብጠይቅም «ለደንበኞቻችን ግላዊነት ሲባል በማይመለስ ሁኔታ ተሰርዟል» ተብያለሁ። የአርባ አንድ ዓመት ሚስቴን ምስጢር ከእኔ ከባሏ ስለጠበቃችሁልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ልቤ ተሰብሯል። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት ሌላ አነጋገር ፈልጌ አጣሁ። ከሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። መኪናውን አዳምጠው ነበር። እጅጌውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ እሰማ ነበር። ዋናው ነገር የጋዝ ሲሊንደሩ ሆኖ ቢገኝም ይበቃኝ ነበር፤ አሁንማ በየቀኑ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ምናልባት እሱ ይሆናል እያልኩ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተመለስኩ አየዋለሁ። መተግበሪያችሁ ከእንግዲህ በራሱ አይዘጋም። ግራጫዋን መስመር አይቼ የምዘጋው እኔ ነኝ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለድርጅትዎ የማይናወጥ መረጋጋት፣ ለእርስዎም የሚወዱት ሰው ሲያወራ ደንበኛ የማይገባበት ቀን ከልብ የምመኝ፣

የእርስዎው አክባሪና ችግሩ የተፈታለት ደንበኛ፣
ራዲዮ ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት አንዲት ሴት «ቤት ስሆን ይጠፋብኛል» ያለችውን ራዲዮ አመጣችልኝ። ስከፍተው ጥርት ብሎ ሠራ። «ይኸው ይሠራል» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ወንበር ሰጥቻት እስኪጠፋ ድረስ አብረን ስናዳምጥ አመሸን፣ ከሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ብልሽቱን አገኘሁት። ባለሙያዎችዎ ይህን ሙያ መማር ቢፈልጉ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው።