የጥሩዬ መንገድና ሆደ ባዶው በረዶ

ሐሙስ

እመኑኝ! በዚህስ እመኑኝ አልኳቸው ቤት እንደገባሁ። በረዶው ውስጡ ባዶ ነው!

ከማርቆስ ተነሥቼ የጮቄን ተራራ አቋርጬ ነው የመጣሁት፣ ለእህቴ ለጥሩዬ ሠርግ። ሰሞኑን የጣለው በረዶ ወንዙ የሚወርድበትን ገደል ሞልቶት፣ ጠጥሮ፣ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ድሮ ወንዙ ድረስ ወርደን ነበር የምንወጣው፣ አሁን ሰዉ በላዩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እኔም ገባሁ። የላስቲክ ጫማዬ ያንሸራትታል። መሀል ስደርስ ከሥሬ ጉርርር የሚል ሰማሁ። በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን ብለጥፍ ውኃ ነው! ወንዙ ከሥር እየበላው ነው። የቀረውን በደረቴ እየተሳብኩ ተሻገርኩ።

አያ ደሴ ሳቁ። ያባቴ ወንድም ናቸው፣ ሙሽራዋን ወስደው ማዶ ለአማቾቿ የሚያስረክቡ እሳቸው ናቸው። "በቅሎ ያለፈበትን አንቺ ትፈሪያለሽ? በቅሎ የማይሆን ቦታ እግሯን አታነሣም!" ቀጠሉና፣ "ዓምና ጅብ ብለሽ አገሩን አስነሥተሽ የመምሬ ጥጃ አልነበረም?" ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴም ሳቀ።

ጥጃው ጥቁር ነበር። መሽቶም ነበር።

ዓርብ

 ይሄን ማንም አያስብም፤ በቅሎዎቹ የሚያልፉት ጧት ነው፣ ብርዱ አጠንክሮት። ጥሩዬ የምታልፈው ከምሳ በኋላ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ። እሷና ሚዜው ባንድ በቅሎ! ፊቷን ተሸፍና! እዚያ ደርሰው ቢፈሩም አይመለሱም። ሙሽራ ከጀመረችው መንገድ ከተመለሰች ትዳሯ አይጸናም ይባላል። እንግዲህ ማስቆም ከደጃችን ሳይወጡ ነው።

በታች፣ ወንዙ ላይ ባለው ድልድይ ይዙሩ አልኩ።

"መሽቶ ሊገቡ? አማቾቹ ምን ይሉናል?" አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታናሽሽ ቀድማሽ ስታገባ ከፋሽ አይደል?"

ይቺን አልረሳትም። ይበሉ። ቀናች ይበሉ!

ቅዳሜ

ዶማ ይዤ ብቻዬን ወደ በረዶው ወጣሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ወጣሁ። ከዳር ሆኜ ቆፈርኩ፣ ቆፈርኩ፣ ድንገት ድም! ከፊቴ ያለው ተደርምሶ ወረደ፣ ዶማውን ይዞት። ለጥቂት እኔንም። ጥቁር ውኃ አየሁ፣ ከታች፣ ሩቅ።

የደረቀ የጅባራ ግንድ ጎትቼ መንገዱ ላይ አጋደምኩ። ሮጬ መጥቼ ነገርኳቸው።

"ራስሽ ቆፍረሽ ራስሽ ቀዳዳ አለ ትያለሽ?" አሉ አያ ደሴ። "ቀዳዳሽ ከዳር ነው፣ እኛ በመሀል እናልፋለን።"

እናቴ ደግሞ የጮኸችው ለዶማው!

እሑድ

ሄዱ።

አይ፣ መጀመሪያ የበቅሎዋን ልጓም ያዝኩ። ሰው ሁሉ እያየ። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

"ልቀቂ! አታዋርጂን!" አሉ አያ ደሴ። አለቅም አልኩ። በቅሎዋ ትርገጠኝ እንጂ አለቅም!

ያኔ ከሽፋኑ ሥር ጥሩዬ ተናገረች። ሙሽራ እኮ አትናገርም! "እቴ ባለችው መንገድ፣ በታች ካልሄድን እወርዳለሁ" አለች። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ሙሽራው አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ደስታዬ! አንድ ሰው አመነኝ።

አያ ደሴ "እሺ፣ በታች" አሉ። ሲሉ ግን ዓይኔን አላዩም። ልጓሙን ለቀቅኩ። ምን ላድርግ?

መንታው መንገድ ጋ ሲደርሱ ጉም ዋጣቸው። ወደ ላይ ወደ በረዶው ይውጡ፣ ወደ ታች ወደ ድልድዩ ይውረዱ፣ አላየሁም።

አሁን ጉብታው ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው። ሚዜው ስልክ አለው። ደወልኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። መልእክትም ጻፍኩለት፣ ፊደሉን እንጃ፣ ሐሳቡ ይገባዋል። እናቴ "ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው" ብላ ጋቢ አምጥታልኝ ነበር። አልገባም አልኳት። እሷም አልሄደችም፣ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ስልኩን ታያለች።

ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነው። ጥሩዬ፣ ተሳስቼም ከሆነ ሳቁብኝ። አያ ደሴም እስኪበቃቸው ይሳቁ። እየሳቃችሁ ደውሉልኝ። ብቻ ሳይመሽ፣ እህቴ፣ ሳይመሽ ደውዪልኝ።